ክፍት ቅስት (ኤስቪጂ)

ክፍት ቅስት ማለት የአንድ ክብ ዙሪያ ከፊል የሆነ፣ መነሻ ጫፉና መድረሻ ጫፉ ያልተገናኙ ጥምዝ መስመር ነው። በድረ ገጽ ላይ የሂደት መለኪያዎች፣ የፍጥነት ጠቋሚዎች፣ የቀለበት ገበታዎችና በመዞር ላይ ያሉ የ«ይጠብቁ» ምልክቶች በአብዛኛው ከክፍት ቅስት የተሠሩ ናቸው። ቅስቱን ለመሳል በሰፊው የሚያገለግለው ኤስቪጂ የተባለው የቬክተር ሥዕል ቋንቋ ሲሆን፣ በውስጡ ፓዝ በሚባለው የመንገድ አባል ውስጥ «ኤ» የተሰኘ የቅስት ትእዛዝ አለው።

ትእዛዙ የሚቀበለው ሰባት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ነገር ግን የክቡን መሃልም ሆነ ማዕዘን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለቱን ጫፎች ነው። በጂኦሜትሪ ትምህርት ቅስትን በመሃል፣ በራዲየስና በማዕዘን የለመደ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ቁጥሮቹ ሲሳሳቱ አሳሹ የስህተት መልእክት አይሰጥም። ሌላ ቅስት ይስላል፣ ወይም ምንም አይስልም። ስለዚህ 100 በመቶ የደረሰ መለኪያ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በዚህ መጣጥፍ የትእዛዝ ፊደላትና የባሕርይ ስሞች በአማርኛ ድምፃቸው ተጽፈዋል፤ በእውነተኛው ኮድ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ታሪክ

በ1998 እ.ኤ.አ. ለድረ ገጽ የሚሆን የቬክተር ሥዕል ቋንቋ እንዲኖር ሁለት ተፎካካሪ ሐሳቦች ለዓለም አቀፉ የድር ኮንሶርሺየም ቀርበው ነበር። አንደኛው ማይክሮሶፍትና አጋሮቹ ያቀረቡት ቪኤምኤል ሲሆን፣ ሌላው አዶቢ፣ አይቢኤም፣ ኔትስኬፕና ሰን ያቀረቡት ፒጂኤምኤል ነው። ኮንሶርሺየሙ አንዱን መርጦ ከማጽደቅ ይልቅ አዲስ ቋንቋ እንዲዘጋጅ አደረገ። ውጤቱ ኤስቪጂ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ 1.1 የተባለው እትም ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ።

የቅስት ትእዛዝ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ በቋንቋው ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ አቅማቸው አነስተኛ ለሆኑ መሣሪያዎች የተዘጋጀው ኤስቪጂ ታይኒ 1.2፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ የቅስት ትእዛዝን አላካተተም። በኮምፒውተር አሳሾች በኩል ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ኤስቪጂን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ማሳየት የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው 9ኛ እትሙ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ዋና ዋና አሳሾች ሁሉ ትእዛዙን ይደግፋሉ።

መሠረታዊ ሐሳብ

የኤስቪጂ መንገድ የሚሠራው በብዕር አምሳያ ነው። ብዕሩ በአንድ ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ብዕሩ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ ይናገራል። «ኤም» ብዕሩን ሳይስል ወደ አንድ ነጥብ ያንቀሳቅሳል። «ኤል» ቀጥታ መስመር፣ «ሲ» የቤዚዬ ጥምዝ፣ «ኤ» ቅስት እየሳለ ብዕሩን ወደ አዲስ ነጥብ ያደርሳል። «ዜድ» ደግሞ ወደ መነሻው መልሶ ቅርፁን ይዘጋል።

ሁሉም የመሳያ ትእዛዞች ብዕሩ ካለበት ስለሚነሱና በአዲስ ማረፊያ ነጥብ ስለሚያበቁ አንዱን ከሌላው ጋር መቀጠል ቀላል ነው። የቅስት ትእዛዝ በመሃልና በማዕዘን ሳይሆን በጫፎቹ እንዲገለጽ የተደረገውም ከሌሎቹ የመንገድ ትእዛዞች ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። የዚህ ምርጫ ዋጋ ግን መሃሉንና ማዕዘኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ጫፎቹን ራሱ ማስላት ይኖርበታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የመለኪያው ሥርዓት ነው። በኤስቪጂ የዜሮ ነጥብ የሚገኘው በላይኛው ግራ ጥግ ሲሆን፣ አግድም ቁጥር ወደ ቀኝ፣ የቁመት ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ይጨምራል። በሒሳብ ደብተር ላይ ግን የቁመት ቁጥር የሚጨምረው ወደ ላይ ነው። በዚህ የተነሳ በደብተር ላይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ የሚዞር አዎንታዊ ማዕዘን፣ በስክሪን ላይ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይዞራል።

የትእዛዙ አጻጻፍ

ከ«ኤ» በኋላ የሚከተሉት ሰባት ቁጥሮች በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፋሉ፦

1. የአግድም ራዲየስ
2. የቁም ራዲየስ
3. የሞላላው ዝንባሌ በዲግሪ
4. የትልቅ ቅስት ምልክት (0 ወይም 1)
5. የአቅጣጫ ምልክት (0 ወይም 1)
6. የመድረሻው አግድም ቁጥር
7. የመድረሻው የቁመት ቁጥር

ትእዛዙ ለሞላላ ቅርፅም ስለሚያገለግል ሁለት ራዲየሶችን ይቀበላል። ለክብ ቅስት ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ክብ ቢያዘነብል ለውጥ ስለማይታይበት ሦስተኛው ቁጥር 0 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ለክብ ቅስት በእርግጥ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ራዲየሱ፣ ስለ ሁለቱ ምልክቶችና ስለ መድረሻው ነው።

የትእዛዙ ፊደል በትልቁ የላቲን ፊደል ሲጻፍ መድረሻው ከዜሮ ነጥብ ይቆጠራል፤ በትንሹ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ብዕሩ ካለበት ቦታ ይቆጠራል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ምሳሌዎች በሙሉ በትልቁ ፊደል እንደተጻፉ ይቆጠሩ።

አራቱ ቅስቶች

በሁለት ነጥቦች ላይ የሚያልፍና ራዲየሱ የታወቀ ክብ አንድ ብቻ አይደለም። ነጥቦቹ ከዲያሜትሩ ባነሰ ርቀት ላይ ከሆኑ ሁለት ክቦች ያልፉባቸዋል፤ እያንዳንዱ ክብም በነጥቦቹ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በአንድ ጥንድ ጫፎችና በአንድ ራዲየስ አራት የተለያዩ ቅስቶች ይኖራሉ። ሁለቱ ምልክቶች የተፈጠሩት ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ነው።

የትልቅ ቅስት ምልክት 1 ከሆነ ከ180 ዲግሪ የሚበልጠው፣ 0 ከሆነ የሚያንሰው ቅስት ይመረጣል። የአቅጣጫ ምልክት 1 ከሆነ ብዕሩ በስክሪኑ ላይ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይሄዳል፤ 0 ከሆነ በተቃራኒው።

ለምሳሌ ስፋቱም ቁመቱም 100 የሆነ የሥዕል ሜዳ እንውሰድ። መነሻው 15.36 እና 70፣ መድረሻው 84.64 እና 70፣ ራዲየሱ 40 ይሁን። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 69.28 ነው። በሁለቱም ነጥቦች የሚያልፉት ክቦች መሃላቸው አንዱ በ50 እና 50፣ ሌላው በ50 እና 90 ላይ ነው። አራቱ ቅስቶች እንደሚከተለው ይሆናሉ፦

• ትልቅ 1፣ አቅጣጫ 1፦ መሃሉ 50 እና 50፤ በላይ በኩል ያልፋል፤ ከፍተኛ ነጥቡ በቁመት 10 ላይ ነው።
• ትልቅ 0፣ አቅጣጫ 1፦ መሃሉ 50 እና 90፤ በላይ በኩል ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከፍተኛ ነጥቡ በቁመት 50 ላይ ነው።
• ትልቅ 0፣ አቅጣጫ 0፦ መሃሉ 50 እና 50፤ በታች በኩል ያልፋል፤ ዝቅተኛ ነጥቡ በቁመት 90 ላይ ነው።
• ትልቅ 1፣ አቅጣጫ 0፦ መሃሉ 50 እና 90፤ በታች በኩል ያልፋል፤ ዝቅተኛ ነጥቡ በቁመት 130 ላይ ስለሚውል ከሜዳው ወጥቶ ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ቅስት በመኪና ላይ የሚታየው ዓይነት የፍጥነት መለኪያ ቅርፅ አለው። 240 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ርዝመቱም 167.55 ነው። ኮዱ የሚከተለው ነው፦

ኤም 15.36 70 ኤ 40 40 0 1 1 84.64 70

ከአራቱ ሁለቱ ብቻ የአንድ ክብ ክፍሎች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። አንዱን ምልክት ብቻ መቀየር ቅስቱን ወደ ሌላ ክብ ያዛውረዋል፤ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ግን የዚያኑ ክብ ቀሪ ክፍል ይሰጣል።

ከማዕዘን ወደ ጫፍ

ፕሮግራም ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው መሃል፣ ራዲየስና ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ከክቡ አናት ተነስቶ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚቆጠር ከሆነ፣ በክቡ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ በሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

አግድም = የመሃሉ አግድም + ራዲየስ × ሳይን(ማዕዘን)
ቁመት = የመሃሉ ቁመት − ራዲየስ × ኮሳይን(ማዕዘን)

መሃሉ 50 እና 50፣ ራዲየሱ 40 በሆነ ክብ ላይ 0 ዲግሪ በ50 እና 10፣ 90 ዲግሪ በ90 እና 50፣ 120 ዲግሪ በ84.64 እና 70፣ 270 ዲግሪ ደግሞ በ10 እና 50 ላይ ያርፋል። ከላይ የተጠቀሰው የፍጥነት መለኪያ ከ240 ዲግሪ ተነስቶ በአናቱ አልፎ 120 ዲግሪ ላይ የሚያበቃ ነው።

ጃቫስክሪፕትን ጨምሮ አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሳይንና ኮሳይንን የሚያሰሉት በራዲያን ነው። ስለዚህ ዲግሪው አስቀድሞ በፓይ ተባዝቶ ለ180 መካፈል አለበት፤ 120 ዲግሪ 2.0944 ራዲያን ነው። ይህ እርምጃ ቢዘለል 120 ራሱ እንደ ራዲያን ይቆጠርና ነጥቡ በ73.22 እና 17.43 ላይ ያርፋል። የተሳሳተው ነጥብ ያው ክቡ ላይ ስለሚገኝ ሥዕሉ ንጹሕ ቅስት ይመስላል፤ ስህተቱም በዓይን ቶሎ አይታወቅም።

የትልቅ ቅስት ምልክትን ለመወሰን የመድረሻው ማዕዘን ላይ የመነሻው ማዕዘን ይቀነሳል። ውጤቱ አሉታዊ ከሆነ 360 ይደመርበታል። ከዚያ ከ180 ከበለጠ ምልክቱ 1፣ ካልበለጠ 0 ይሆናል። መታየት ያለበት ልዩነቱ እንጂ የመድረሻው ማዕዘን ብቻውን አይደለም። ለምሳሌ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ያለው ቅስት 100 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ መድረሻው ከ180 ቢበልጥም ምልክቱ 0 ነው።

የመቶኛ መለኪያ ምሳሌ

ከአናቱ ጀምሮ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚሞላ መለኪያ ሲሠራ እያንዳንዱ 1 በመቶ 3.6 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ ስሌት 25፣ 50 እና 75 በመቶ እንዲህ ይጻፋሉ፦

ኤም 50 10 ኤ 40 40 0 0 1 90 50
ኤም 50 10 ኤ 40 40 0 0 1 50 90
ኤም 50 10 ኤ 40 40 0 1 1 10 50

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የትልቅ ቅስት ምልክት 0 ነው። ምልክቱን ሁልጊዜ 0 አድርጎ የጻፈ ሰው በ25 እና በ50 በመቶ ሲሞክረው ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። በ75 በመቶ ግን መሃሉ ወደ 10 እና 10 ይዛወራል፤ ቅስቱም በዙሪያው በኩል መዞሩን ትቶ በክቡ ውስጥ ያቋርጣል። በ100 በመቶ ደግሞ ከታች በተገለጸው ምክንያት ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ማንኛውም መለኪያ ቢያንስ በ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ ተፈትኖ መታየት አለበት።

ሙሉ ክብ ለምን ይጠፋል?

360 ዲግሪ ሲደርስ መድረሻው ከመነሻው ጋር አንድ ይሆናል። በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፉና ራዲየሳቸው 40 የሆነ ክቦች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ አሳሹ የትኛውን መሳል እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለም። የቋንቋው ደንብ በዚህ ጊዜ ትእዛዙ እንዳልተጻፈ ይቆጠር ይላል። የጠፋው ቅስት የአሳሽ ብልሽት ሳይሆን ደንቡ ያዘዘው ውጤት ነው።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች ይታወቃሉ። አንደኛው ሙሉውን ዙሪያ በሁለት ግማሽ ክቦች መሳል ነው፦

ኤም 50 10 ኤ 40 40 0 0 1 50 90 ኤ 40 40 0 0 1 50 10

ሁለተኛው 100 በመቶ ሲሆን በመንገድ ፈንታ ሰርክል የተባለውን የክብ አባል መጠቀም ነው። ሦስተኛው ማዕዘኑ ከ359.99 ዲግሪ እንዳይበልጥ መገደብ ነው። በዚህኛው በጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.007 ብቻ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ነገር ግን ቁጥሮቹ ወደ አንድ የአስርዮሽ ቤት ከተጠጋጉ መድረሻው እንደገና 50 እና 10 ይሆንና ቅስቱ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበልጥ አስተማማኝ ናቸው።

ሙሌትና የመስመር ውፍረት

በኤስቪጂ ፊል የተባለው የውስጥ ሙሌት ካልተገለጸ ጥቁር ነው፤ ስትሮክ የተባለው የመስመር ቀለም ደግሞ ካልተገለጸ ባዶ ነው። ለክፍት ቅስት ሁለቱም ነባር ዋጋዎች የማይፈለጉ ናቸው። መንገዱ ክፍት ቢሆንም አሳሹ ለሙሌት ሲል ሁለቱን ጫፎች በማይታይ ቀጥታ መስመር አገናኝቶ ውስጡን ያጠቁራል። ስለዚህ ክፍት ቅስት ለማየት ፊል «ነን» ተብሎ መጻፍ፣ ለስትሮክም ቀለምና ውፍረት መስጠት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ላይ «ዜድ» ከተጨመረ ማገናኛው መስመር ራሱ ስለሚሳል ቅስቱ ክፍት መሆኑ ይቀራል።

የመስመሩ ውፍረት እኩል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይሄዳል። ራዲየሱ 40፣ ውፍረቱ 8 ከሆነ ቀለሙ ከመሃሉ ከ36 እስከ 44 ያለውን ይሸፍናል። ራዲየሱን 50 አድርጎ በ100 ሜዳ ላይ የሳለ ሰው የመስመሩ ውጫዊ ግማሽ ተቆርጦ ያገኘዋል።

የጫፎቹ ቅርፅም ለውጥ ያመጣል። ነባሩ ጫፍ በትክክል መድረሻው ላይ ይቆረጣል። ክብ ጫፍ ከተመረጠ ግን በእያንዳንዱ ጫፍ የውፍረቱ ግማሽ ያህል ይረዝማል። ራዲየሱ 40 የሆነ ክብ ዙሪያው 251.33 ስለሆነ፣ ውፍረቱ 8 የሆነ መስመር በሁለቱ ጫፎች በድምሩ የዙሪያውን 3.2 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ98 በመቶ ላይ የሚቀረው ክፍተት 5.03 ሲሆን ሁለቱ ክብ ጫፎች አንድ ላይ 8 ይሸፍናሉ። ስለዚህ ሥራው ሳያልቅ መለኪያው ሙሉ መስሎ ይታያል። ትክክለኛ ንባብ በሚያስፈልግበት ቦታ ነባሩን ጫፍ መጠቀም ወይም ቁጥሩን በመሃል መጻፍ ይመረጣል።

አሳሹ በዝምታ የሚያርማቸው ቁጥሮች

የቋንቋው ደንብ የማይቻል ቅስት ሲያጋጥም ሥዕሉ እንዳይቋረጥ ማረሚያዎችን አስቀምጧል።

• አንዱ ራዲየስ 0 ከሆነ በቅስቱ ፈንታ ቀጥታ መስመር ይሳላል።
• ራዲየሱ አሉታዊ ከሆነ ምልክቱ ተትቶ አዎንታዊው ዋጋ ይወሰዳል።
• ራዲየሱ አንሶ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ካልቻለ እስኪደርስ ድረስ ይተልቃል።

የመጨረሻው በተለይ አሳሳች ነው። ከላይ ባለው የፍጥነት መለኪያ ላይ በ40 ፈንታ 30 ቢጻፍ፣ ጫፎቹ በ69.28 ስለሚራራቁ አሳሹ ራዲየሱን ወደ 34.64 ከፍ አድርጎ ግማሽ ክብ ይስላል። ከዚያ በኋላ ራዲየሱን ወደ 20 ወይም ወደ 5 መቀነስ በሥዕሉ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። የትልቅ ቅስት ምልክትም ትርጉም ያጣል፤ የሚሠራው የአቅጣጫ ምልክት ብቻ ነው። ቁጥር ሲቀየር ሥዕሉ የማይቀየር ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

የቁጥሮች መጠጋጋት

መሃሉ ከጫፎቹ ተሰልቶ ስለሚገኝ በጫፎቹ ላይ ያለ ትንሽ ስህተት በመሃሉ ላይ ሊገዝፍ ይችላል። ይህ በተለይ በግማሽ ክብ አካባቢ ይታያል። ራዲየሱ 40 ሆኖ በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት በትክክል 80 ከሆነ መሃሉ እኩሌታው ላይ ነው። ርቀቱ በመጠጋጋት 79.99 ቢሆን ግን መሃሉ 0.63 ያህል ይንሸራተታል፤ ይህም የ0.01 ስህተት ከ60 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ወደ ሙሉ ዙር የቀረቡ ቅስቶችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። በ358 ዲግሪ ላይ ያለው መድረሻ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግቶ 49 እና 10 ቢሆን የክቡ መሃል ከ50 ወደ 49.5 ይሸሻል። በመሆኑም የፋይል መጠን ለመቀነስ ቁጥሮችን የሚያሳጥሩ መሣሪያዎች ቅስት ላይ ሲሠራባቸው ውጤቱን ማየት ተገቢ ነው።

እነዚሁ መሣሪያዎች ሁለቱን ምልክቶች ከቀጣዩ ቁጥር ጋር ያለ ክፍተት አጣብቀው ሊጽፉ ይችላሉ። ምልክቶቹ 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆኑ ደንቡ ይህን ይፈቅዳል። ለምሳሌ «0 1150 90» የሚለው «0 1 1 50 90» ማለት ነው። በራሱ የተጻፈ አንባቢ ፕሮግራም ይህን ካላገናዘበ 1150ን እንደ አንድ ቁጥር ይወስደዋል።

ሌሎች ዘዴዎች

ክፍት ቅስት ያለ ቅስት ትእዛዝም ሊሳል ይችላል።

የተቆራረጠ መስመር፦ ሙሉ ክብ ተስሎ ስትሮክ ዳሽአሬይ በተባለው ባሕርይ ከዙሪያው ከፊሉ ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። ራዲየሱ 40 ሲሆን ለ75 በመቶ የሚታየው ርዝመት 188.50፣ ክፍተቱ 251.33 ይሆናል። ፓዝሌንግዝ የተባለው ባሕርይ 100 ከተደረገ ግን «75 100» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ይህ ዘዴ ሳይን፣ ኮሳይንም ሆነ የትልቅ ቅስት ምልክት አይፈልግም፤ ሙሉ ዙርም አይጠፋበትም። የክቡ መነሻ በሰዓት ገበታ ላይ ቁጥር 3 የተጻፈበት ቦታ ስለሆነ ከአናቱ እንዲጀምር በመሃሉ ላይ በ90 ዲግሪ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ክብ ጫፍ ከተመረጠ ደግሞ በ0 በመቶም አንድ ነጥብ ይታያል።

የቤዚዬ ጥምዝ፦ የክብ ሩብ በአንድ ኪዩቢክ የቤዚዬ ጥምዝ ሊመሰል ይችላል። መሪ ነጥቦቹ ከጫፎቹ በራዲየሱ 0.5523 እጥፍ ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። ጥምዙ ፍጹም ክብ ባይሆንም ከራዲየሱ የሚዛነፈው ከ0.03 በመቶ በታች ነው። ቅስት በሌለው በኤስቪጂ ታይኒ 1.2 የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው።

ካንቫስ፦ በኤችቲኤምኤል ውስጥ ያለው የካንቫስ መሳያ ቅስትን በመሃል፣ በራዲየስና በሁለት ማዕዘኖች ይቀበላል። ለመጻፍ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ፒክሰል ስለሆነ ሲጎላ ይደበዝዛል፤ የተሳለውም ቅስት በሲኤስኤስ ለብቻው ሊቀየር አይችልም።

እንቅስቃሴ

የቅስት ትእዛዝ ያለበትን መንገድ በቀጥታ ለማንቀሳቀስ መሞከር ብዙ ጊዜ ያልተፈለገ ውጤት ይሰጣል። አሳሹ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲያሸጋግር እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው ቀስ በቀስ ይለውጣል። ስለዚህ መድረሻው ነጥብ በክቡ ዙሪያ አይጓዝም፤ በቀጥታ መስመር አቋርጦ ይሄዳል። በጉዞው መካከል ጫፉ ከክቡ ስለሚወጣ ክቡ ይዋዥቃል። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቅጽበት ማዕዘኑን ለውጦ ጫፉን በጃቫስክሪፕት እንደገና ማስላት፣ ወይም የተቆራረጠ መስመር ዘዴን መጠቀም ነው። በሁለተኛው የሚለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቅስቱ ክቡን ሳይለቅ ይረዝማል።

ጽሑፍ በቅስት ላይ

ክፍት ቅስት የማይታይ የጽሑፍ መስመርም ሊሆን ይችላል። ቴክስትፓዝ የተባለው አባል ፊደላትን በመንገዱ ላይ ይደረድራል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች እንደተለመደው ዓይነት ዙሪያው ላይ ጽሑፍ ያለበት ክብ ማኅተም በዚህ መንገድ ሊሳል ይችላል፤ የግእዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የተለየ ማስተካከያ አይፈልግም።

እዚህ ላይ የአቅጣጫ ምልክት ከመልክ ያለፈ ሥራ አለው። በላይኛው ግማሽ ላይ ብዕሩ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ከሄደ ፊደላቱ ከክቡ ውጭ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያው አቅጣጫ ወደ ታችኛው ግማሽ ከቀጠለ ግን ፊደላቱ ተዘቅዝቀው ይታያሉ። የታችኛው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ለብቻው ሌላ ቅስት ተስሎ፣ ምልክቱ 0 ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ በታች በኩል መሄድ አለበት። በዚህ ጊዜ ፊደላቱ ከመስመሩ ወደ ክቡ ውስጥ ስለሚቆሙ ከላይኛው ጽሑፍ ጋር በአንድ ቀለበት እንዲያርፉ የታችኛው ራዲየስ በፊደሉ ቁመት ያህል ከፍ ይደረጋል።

ምልክቶችና ምክንያቶቻቸው

• ቅስቱ በ100 በመቶ ጠፋ፦ መነሻና መድረሻ አንድ ሆነዋል።
• ከ50 በመቶ በኋላ ወደ ውስጥ ታጠፈ፦ የትልቅ ቅስት ምልክት 0 ሆኖ ቀርቷል።
• በተቃራኒው በኩል ተሳለ፦ የአቅጣጫ ምልክት ወይም የቁመት ቁጥር ተገልብጧል።
• ጥቁር ቁራጭ ሆኖ ታየ፦ ፊል አልተሰረዘም።
• ራዲየሱ ሲቀነስ ለውጥ የለም፦ ራዲየሱ ከጫፎቹ ርቀት ግማሽ ያነሰ ነው።
• ቅስቱ ንጹሕ ሆኖ ቦታው ስህተት ነው፦ ዲግሪ ወደ ራዲያን አልተቀየረም።
• ሳይሞላ የሞላ መሰለ፦ ክብ ጫፎቹ ክፍተቱን ሸፍነውታል።